ከበርሜል የሠራሁት ጥሩር

ወንድሜን በገና ጨዋታ ዱላ ደረቱ ላይ የመታሁት በጠዋት ነው፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ አድሮ ግቢው ነጭ እንደሆነ። ለወጉ ያህል አልነበረም የመታሁት። ዱላውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እግሬን ከፍቼ፣ ግንድ እንደሚፈልጥ ሰው ከላይ ነው ያሳረፍኩበት። ተንገዳገደና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ድገሚ አለኝ፤ ደገምኩት። አከራያችን በመስኮት ብቅ ብለው ምን እየሆናችሁ ነው ቢሉኝ፣ ልብስ እየለካሁ ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

ልብሱ ጥሩር ነው፤ የጦረኛ የብረት ልብስ። የጥንት ሰው የሚለብሰው አይደለም፤ ገና ያልተወለደ ሰው፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ወታደር የሚለብሰው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ነው፤ ከዚያ በፊት ያስቸገረኝ ልብስ ቢኖር የቄስ ካባ ነው። አንድ ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቄ ገብቶ ስልኩን ከፈተና ከራሱ እስከ እግር ጥፍሩ በብረት የተሸፈነ ወታደር አሳየኝ። ከጓደኞቹ ጋር አጭር ፊልም ሊሠሩ ነው፤ ወታደሩ ከሰማይ አንኮበር ገደል ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ተማሪው ራሱም ገና አልወሰነም። ብረት ሠሪ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ይህን ለብሶ የሚራመደው በሬ መሆን አለበት ብሎ መለሰው። የምትፈልገው ልብስ ነው ወይስ ብረት ብዬ ጠየቅኩት።

"ልብስ ነው እትዬ፤ ግን እውነተኛ መምሰል አለበት" አለኝ።

ደፋር ሰው ደስ ይለኛልና እሺ አልኩት። ይህን ስንነጋገር ወንድሜ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ ገባ። ወንድሜ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ቁመት አለው። ተማሪው አንጋጦ አየውና ለባሹ እሱ ይሁን አለ።

ልኩን የወሰድኩት ተማሪው ባሳየኝ ዘዴ ነው። ወንድሜን በውስጥ ልብሱ አቆምኩት፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ በስስ ላስቲክ ጠቀለልኩት፤ በላዩ ላይ በፕላስተር ደጋግሜ አሰርኩት። ደረቱ፣ ትከሻውና ሆዱ የሚለያዩበትን መስመር በስክሪፕቶ ሣልኩበትና በመቀስ ቀድጄ አወለቅኩት። መሬት ላይ ሲዘረጋ ወንድሜ ተገፎ የተነጠፈ ይመስል ነበር። እንደ ሬሳ ገነዝሽኝ እኮ ብሎ ቀለደ። በጥፊ አጮልኩት። እኛ ቤት በዚህ አይቀለድም።

የተወለድነው ጎረቤላ አጠገብ ካለች መንደር ነው። አባቴ ሰው ገድሏል። ነገሩ የገብስ ማሳ ድንበር ነው፤ የድንበሩን ድንጋይ ማን እንዳንቀሳቀሰው እስከዛሬ አላውቅም። አባቴ አንተ ነህ ይላል፣ ጎረቤታችን አንተ ነህ ይላል። ለአባቴ ምሳ ይዤ ስደርስ መሰዳደቡን ጨርሰው ተያይዘው ነበር። አባቴ ዱላውን ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈበት። ድምፁ ደረቅ ቅል ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሰውየው በግንባሩ ተደፋ፤ እግሩ አፈሩን ይጭር ነበር። አባቴ ቆሞ አየውና ደግሞ መታው። ሁለተኛው ምት ባይኖር ይተርፍ ነበር ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውንም አይቻለሁ፤ አይተርፍም ነበር።

አባቴ ታሰረ፤ እዚያው ታሞ ሞተ። ደሙ ግን አብሮት አልሞተም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነውና ወደ ወንድሜ ዞረ። ጢም እንኳ ሳያወጣ ሽማግሌዎች አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክመው የሟች ቤት ደጃፍ ላይ አንበረከኩት። ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትደርስ በሩን አልከፈቱለትም። በመጨረሻ ከፈቱ፤ ካሳው ተሰጠ፣ መስቀል ተሳመ፣ በግ ታረደ፣ ሁለቱ ወገን ከአንድ ማዕድ በላ። ዕርቅ ማለት በእኛ አገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቤት ሰው ራስህን አትጠብቅም፤ ጀርባህን ትሰጠዋለህ። የሟች ታናሽ ወንድም፣ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ አንዲት ጉርሻ አንሥቶ አፉ ውስጥ ብዙ አቆያት፤ ዓይኑን ከወንድሜ ላይ አልነቀለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመት ሳይሞላ ወንድሜን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

የገና በዓል ሲደርስ ግን መቅረት የለም። እናታችን እዚያው ናት፤ ጨዋታውም አለ። የላይኛውና የታችኛው መንደር ወንድ ሁሉ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ያሳድዳል። ሩሯን የሚመታው ግማሹ ነው፤ የቀረው ቅልጥም ይመታል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ጥርስህ ቢወልቅ አትከስስም፣ ክንድህ ቢሰበር አትቀየምም። እኛ የላይኛው መንደር ነን፤ የሟች ወንድም የታችኛው ነው። ጥሩሩን ከመሥራቴ በፊት በነበረው ገና ያ ሰው ወንድሜን ጎኑን አለውና የጎድን አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ጨዋታ ነዋ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ። ጎበዝ ተጫዋች ነው እኮ አለኝ፣ እያቃሰተ።

እኔ አልሳቅኩም። ያን ሰሞን ሲተነፍስ ጎኑን ይዞ፣ ሲያስነጥስ ፊቱ አመድ እየመሰለ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። በዓመት ውስጥ ሰው ገድለው የማይጠየቁበት አንድ ቀን አለ፤ ያም የገና ዕለት ነው። ያኔ ጎኑ ከሆነ ቀጥሎ ደረቱ ነው። አትሂድ ብለው አይሰማኝም፤ ከቀረ ዕርቅ በልቶ ፈራ ይባላል፣ ያ ለእሱ ከሞት ይከፋል። ወንድ እንዲህ ነው፤ ስም ካለው አጥንት ያለው ይመስለዋል።

ስለዚህ ተማሪው ያዘዘኝን ጥሩር ስሠራ ለሁለት ሰው ነው የሠራሁት፤ ለተማሪው የሚታየውን፣ ለወንድሜ የማይታየውን። የሚታየው የነጠላ ጫማ ሶል የሚቆረጥበት ጠንካራ ስፖንጅ ነው። በልኩ እቆርጠውና ከሰል ምድጃ ላይ አሞቀዋለሁ፤ ሲለሰልስ የድስት ቂጥ ላይ ተጭኜ ደረት አስመስለዋለሁ። እስኪቀዘቅዝ በእጅ መያዝ ስላለበት የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ። መገጣጠሚያውን ጫማ ሠሪዎች በሚያጣብቁበት ማስቲሽ አጣበቅኩት፤ ሽታው ራሴን እስኪያዞረኝ። ስፖንጁ ቀለም እንዳይመጥ ኮላ ደጋግሜ ቀባሁት፤ ከዚያ ብርማ ቀለም፤ በየስርጉዱ ጥቁር የጫማ ቀለም። አንገቱን አየር ከሚሞላው የጎማ ውስጥ ላስቲክ ቀለበት ቀለበት አድርጌ ቆርጬ ሠራሁት፣ ሲዞር አብሮት እንዲዞር። ራስ ቁሩ አሮጌ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነው። ደረቱ መሀል ከተጣለ ባጃጅ የወጣች መብራት ከነባትሪዋ ቀበርኩ።

የማይታየውን ከስፖንጁ ጀርባ አስገባሁ። ከዘይት በርሜል በቆርቆሮ መቀስ የቆረጥኩት ብረት፣ ከብረቱ ሥር የመኪና ጎማ፣ ከጎማው ሥር ወፍራም ብርድ ልብስ። የመጀመሪያው አልሆነም። ብረቱ ከደረቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ስመታው ምቱ እንዳለ አለፈ፤ ወንድሜ ተንበርክኮ አየር አጣ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ጀርባውን እየደበደብኩ ነው የመለስኩት። አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ፤ ብረቱን እንደ በርሜሉ ክብ እንዳለ ተውኩት፣ በእሱና በደረቱ መሀል ክፍተት አስቀረሁ። ጠርዙ መዳፌን ከፈተው። የጥሩሩ ውስጥ የእኔ ደም አለበት፤ አላጠብኩትም። ማሰሪያውን ሁሉ ከጀርባ አደረግኩት፣ ከፊት የሚመጣ ሰው ሊፈታው እንዳይችል። በዚያ ውርጭ ጠዋት የመታሁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ሲስቅ ሳየው ብቻ እኔም ተነፈስኩ።

ተማሪው መጥቶ በጣቱ አንኳኳው፤ ብረት አለው እንዴ አለ። እውነተኛ ይምሰል ያልከው አንተ ነህ አልኩት። ክብደቱ ትንሽ ቅር አሰኘው፣ ድምፁን ሲሰማ ግን ፊቱ በራ። አሁን የተዋጋ ይምሰል፣ ጥይት የነካው ይምሰል ብሎ ከስልኩ ፎቶ ሊያሳየኝ ሲል ኪስህ ክተተው አልኩት። በዚያ ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥይት የበሳው ብረት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ስልክ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የብረት በር ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማን እንደተኮሰ አልጠየቅንም። ጠርዙ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገለበጥ፣ ዙሪያውን ቀለሙ እንዴት እንደሚረግፍ ቀርቤ አየሁና ግራ ትከሻው ላይ ደገምኩት። የቀረውን ጭረት በሰንሰለት እየገረፍኩ አወጣሁ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ስገርፈው የማን ፊት ይታየኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ፊልሙ ከበዓሉ በኋላ ገደሉ ላይ ሊቀረጽ ስለነበር ጥሩሩን በጆንያ ይዘን ለገና ወደ መንደራችን ሄድን። ኬላ ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ጆንያውን ፈታና የትከሻውን ክፍል አወጣ፤ ይህ የየትኛው ጦር ነው ብሎ አፈሙዙን ወደ ወንድሜ አዞረ። የፊልም ነው፣ የጫማ ስፖንጅ ነው፣ ካላመንክ ነክሰህ እየው አልኩት። ነከሰው። ከዚያ ራሱም ሳቀና አሳለፈን። ደረቱን አውጥቶ ቢሆን ምን እንደምለው አላውቅም።

በበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ የእናቴን በር ዘግቼ ደረቱን ልበስ አልኩት።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ልጫወት ነው የምሄደው።"

"አምናም ልትጫወት ነበር የሄድከው።"

እናቴ መደቡ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ከማዕዳቸው ዕርቅ በልተን ሳለ ለእነሱ ብላችሁ ብረት ብታስሩ እግዜርም ሰውም ይታዘባችኋል አለችኝ። የሞተ ልጅ ከማንም ማዕድ አይበላም አልኳት። ወንድሜ እሷንም እኔንም አየና እጁን ዘርግቶ ቆመልኝ፤ ከጀርባው አሰርኩለት። ሹራብ ደረበበት፣ ከላይ ጃኬት። በዚያ ብርድ ሁሉም ሰው ወፍራም ነው፤ አያስነቃም።

ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ደም በደም ሆነ። አንዱ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም እየተፋ ሩሯን ያሳድዳል፤ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ባንድ እግሩ ይዘላል፤ ዳር የቆምነው ሴቶች እልል እንላለን። የሟች ወንድም አንገቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ሲሮጥ ዓይኑ ሩሯ ላይ ነበር፤ የእኔ ዓይን ግን እሱ ላይ ነበር። ሩሯ ተነሥታ መጥታ ከወንድሜ እግር ሥር አረፈች። ሁለቱም ተሽቀዳደሙባት። ወንድሜ ጎንበስ ሲል የዚያ ሰው ዱላ ከታች ወደ ላይ መጥቶ ደረቱን አገኘው።

ጓ አለ። በርሜል ነዋ።

ቅርብ የነበሩት ቀጥ አሉ። ሰውየው ዱላውን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ከዚያ በዱላው ጫፍ ደረቱን ቀስ አድርጎ አንኳኳው፤ የሰው በር እንደሚንኳኳ። ጃኬቱን በአንድ እጁ ዘነጠለ፣ ሹራቡን ወደ ላይ ሰበሰበ። ያ ብርማ ደረት ወጣ። ምቱ ሽቦውን ነክቶት ኖሮ የባጃጇ መብራት በርታለች። ሌላ ቀን ቢሆን ሜዳው በሳቅ ይሞት ነበር።

"ይሄ ለእኔ ነው?" አለው።

ወንድሜ ሹራቡን ወደ ታች ጎተተ።

"ከአንድ ማዕድ በልተን። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ ስጫወት፣ አንተ ለእኔ ብረት ለብሰህ ትመጣለህ?"

ከዚያ ወዲያ የሆነው ጨዋታ አይደለም። የታችኛው መንደር ተንጋግቶ መጣ፤ የእኛም ወገን ገጠመ። ዱላ ከቅልጥም ወደ ራስ ወጣ። አንድ የእኛ ሰው ጆሮው ተቀዶ ሲንጠለጠል አየሁ። የወንድሜ ደረት እንደማይበገር አውቀዋልና ክንዱን፣ አንገቱን፣ ጉልበቱን ይሉት ጀመር፤ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። በገና ሜዳ ሴት አትገባም። ገባሁ። አንዱን ግንባሩን በድንጋይ አልኩት፣ የአንዱን እጅ ነከስኩ፣ ወንድሜ ላይ ተደፋሁበት። ጀርባዬ ላይ ያረፈው ዱላ የማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፤ ባውቅ እመልስለት ነበር።

ያቆመው መስቀል ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በዱላው መሀል ገቡ፤ ዕርቁን ያስፈጸሙት ሽማግሌም ተከተሏቸው። ሁሉም እያለከለከ ቆመ። ሽማግሌው እኛን ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ወደ ሟች ወንድም ዞረው፣ "ልጄ፣ ዕርቁ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም? ይህን የምትለው አንተ ብቻ ነህ" አሉት። ፈርሷል ካለ ደሙ ተከፈተ ማለት ነው፤ ወንድሜ ያን ሜዳ ተሻግሮ ከእናቱ ቤት አይገባም። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

"መጀመሪያ ያውልቀው" አለ።

ወንድሜ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ አልደረሰለትም። የምፈታው እኔ ሆንኩ። ጣቴ በደም እየተንሸራተተ አንድ በአንድ ፈታሁት፤ ሰውየው ፊት ለፊታችን ቆሞ ይጠብቃል። በሕይወቴ ብዙ ልብስ ከሰው ላይ አውልቄያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም። ጥሩሩ ሣሩ ላይ ወደቀ። ወንድሜ በሸሚዝ ቆመ፤ ላቡ በብርዱ ይጨሳል። ሰውየው ዱላውን አነሣ። ወንድሜ አልሸሸም፣ እጁንም አላነሣም።

ያሳረፈው ጥሩሩ ላይ ነው። አንዴ አይደለም። ስፖንጁ ተበጣጠሰ፣ መብራቷ ተፈነጠረች፣ ብረቱ ጎደጎደ። ዱላው ሲሰበር በስባሪው ቀጠለ። "ወንድሜ" ይላል በየምቱ፤ "ወንድሜ፣ ወንድሜ"። ብረቱ ልብ ካለበት ቦታ ላይ ታጥፎ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ የወንድሜን ደረት ውፍረት በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ጉድጓዱ ጀርባው ድረስ ይዘልቃል። በፊተኛው ገና ጎኑን ሲለው በዚህ ክንድ አልነበረም። ያኔ እየተጫወተ ነበር።

ሲደክመው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ አልጠረገውም። ቀና ብሎ አየኝ።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አዎ።"

"ለወንድሜ እንዲህ የሚሠራለት አልነበረም" አለ። "እኛ እህት የለንም።"

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ "አልፈረሰም" አላቸው። "ግን ለሚመጣው ገና ይመጣል። ዕርቅ እንደበላ ሰው በሸሚዝ ይመጣል። እኔም በሸሚዝ እመጣለሁ።" ወንድሜ እሺ አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ተማሪው ደርሶ የተቀጠቀጠውን ጥሩር ሲያይ ያለቅሳል ብዬ ነበር። እያገላበጠ አየውና እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ እውነተኛ ያስመሰልሽው አለኝ። ወንድሜ ክንዱ ታስሮ፣ ፊቱ አብጦ፣ ያን ስብርብር ደረት ለብሶ ገደሉ አፋፍ ላይ ወደቀ፤ ድገመው ሲሉትም ደገመ። ፊልሙን አላየሁትም። እናቴ እስከዛሬ ያንን ነገር ባታለብሽው ኖሮ እያለች ትነዘንዘኛለች። እኔ አልጸጸትም። ሬሳውን ከምገንዝ ብረት ባለብሰው ይሻለኛል፤ ይህን ለቄሱም ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ያ የተባለለት የገና በዓል ደርሷል። ወንድሜ ሸሚዝ ስፊልኝ ብሎ ጨርቁን ራሱ መርጦ አመጣ፤ ነጭ፣ ስስ፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት ጣት የሚያሳይ። ገበር ላግባበት አልኩት፣ ለብርዱ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ትናንት ደረቱን ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ ምንም አላደረግኩበትም።